«ዘ ሂች-ሃይከር»፦ ስለ አንድ የተዘነጋ የወንጀል ፊልም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዲስ አበባ ዳርቻ በቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳንርቅ፣ ጥቂት ጎረቤታሞች ቅዳሜ ማታ በአንዳችን ሳሎን ተሰብስበን የቆዩ ፊልሞችን እናያለን፤ ካየን በኋላም እንወያያለን። እስካሁን ካየናቸው ውስጥ ብዙ ጥያቄ ያስነሣውና በድጋሚ ይታይልን የተባለው በ1953 ለእይታ የበቃው «ዘ ሂች-ሃይከር» የተሰኘው የአሜሪካ የወንጀል ፊልም ነው። ከሁለቱ ምሽቶች በፊትም በኋላም ሰዎች ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?

ሮይ ኮሊንስ እና ጊልበርት ቦወን ጓደኛሞች ናቸው። አንዱ ጋራዥ አለው፣ ሌላው የንድፍ ባለሙያ ነው። ሥራቸውንና ቤተሰባቸውን ለጥቂት ቀናት ትተው ዓሣ ለማጥመድ ከካሊፎርኒያ ወደ ሜክሲኮ ሲጓዙ፣ በሌሊት መኪናው ነዳጅ አልቆበት መንገድ ዳር የቆመ የሚመስል ሰው አግኝተው ያሳፍሩታል። ሰውየው ኤሜት ማየርስ ይባላል፤ ሊፍት የሰጡትን ሰዎች እየገደለ በፖሊስ የሚፈለግ ወንጀለኛ ነው። ከዚያች ደቂቃ ወዲህ ያለው የፊልሙ ክፍል ከሞላ ጎደል ሦስት ሰዎች በአንዲት መኪና ተፋፍገው በባሃ ካሊፎርኒያ በረሃ በኩል ሳንታ ሮሳሊያ ወደምትባል የወደብ ከተማ የሚያደርጉት ጉዞ ነው። ማየርስ ከዚያ በጀልባ ተሻግሮ ሊሰወር አስቧል፤ ሁለቱ ታጋቾች ደግሞ ጉዞው ሲያልቅ የእነርሱም ነገር እንደሚያልቅ ገና ከመነሻው ያውቃሉ። ይህ ሁሉ በ71 ደቂቃ ውስጥ ይተረካል።

ርዕሱ በአማርኛ ምን ይባላል?

ቃል በቃል «መንገድ ዳር ቆሞ መኪና የሚለምን» ማለት ነው፤ እኛ ግን «ሊፍት ጠያቂው» ብለነዋል። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ፣ ከሰበታ እስከ ለገጣፎ፣ ታክሲ ሲጠፋ አስፋልት ዳር ቆሞ እጁን የሚያነሣ ሰው የሚለው ቃል «ሊፍት» ስለሆነ ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

ዳይሬክተሩ ማን ነው?

ዳይሬክተሯ ሴት ናት፤ ይህን ስናገር እስካሁን ያልተገረመ ተመልካች አላጋጠመኝም። አይዳ ሉፒኖ በ1918 ለንደን ውስጥ ከተዋንያን ቤተሰብ ተወልዳ በወጣትነቷ ወደ ሆሊውድ የሄደች፣ በ1940ዎቹ በተዋናይነት ስሟ የታወቀ ሴት ነበረች። ወደ ዳይሬክተርነት የገባችው በ1949 ነው። እርሷና ባለቤቷ ኮሊየር ያንግ በሚሠሩት ፊልም ላይ ዳይሬክተሩ በልብ ሕመም ምክንያት መቀጠል ሲያቅተው፣ ሉፒኖ ስሟ በዳይሬክተርነት ሳይጻፍ ሥራውን ፈጸመችው። ከዚያ ፊልም ጀምሮ በአነስተኛ ገንዘብ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሊነኩት በማይደፍሩት ጉዳይ ላይ ተከታታይ ፊልሞችን ሠራች፤ ያለ ጋብቻ ስለወለደች ልጃገረድ፣ በፖሊዮ ስለተመታች ዳንሰኛ፣ ስለተደፈረች ሴት። በፖሊዮ የመያዝን ነገር ራሷ በወጣትነቷ ታውቀዋለች።

በዚያ ዘመን በሆሊውድ የዳይሬክተሮች ማኅበር ውስጥ ከእርሷ በፊት የገባችው ሴት ዶሮቲ አርዝነር ብቻ ነበረች፤ አርዝነር ደግሞ ከ1943 ወዲህ ፊልም መሥራት አቁማ ነበር። ስለዚህ ሉፒኖ ወንዶች ብቻ በሚያዝዙበት ሜዳ ላይ ብቻዋን እንደቆመች መናገር ማጋነን አይደለም። የምትቀመጥበት የዳይሬክተር ወንበር ጀርባ ላይ «የሁላችንም እናት» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ከያንግ ጋር በ1951 ቢፋቱም አብረው መሥራታቸውን አላቋረጡም፤ የዚህን ፊልም ጽሑፍ በጋራ ያዘጋጁት ከፍቺው በኋላ ነው። ለታሪኩ መነሻ ያዋጣው ዳንኤል ሜይንዋሪንግ ግን ስሙ በፊልሙ ላይ አልተጠቀሰም፤ ጊዜው የፊልም ሰዎች በፖለቲካ አቋማቸው የሚገፉበት ጊዜ ነበር።

በእርግጥ የተፈጸመ ታሪክ ነው?

መነሻው የተፈጸመ ወንጀል ነው። የፊልሙን ፍጻሜ አስቀድሞ ማወቅ የማይፈልግ ሰው ግን ይህን መልስ ቢዘልለው ይሻለዋል።

በ1950 መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ ቢሊ ኩክ የተባለ ወጣት በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ ስድስት ሰዎችን ገደለ። አምስቱ የአንድ ቤተሰብ አባላት ሲሆኑ ከእነርሱም ሦስቱ ሕፃናት ነበሩ። በመጨረሻ ሁለት ሰዎችን አግቶ በራሳቸው መኪና ወደ ሜክሲኮ ገባ፤ ሳንታ ሮሳሊያ ላይ ግን የሜክሲኮ ፖሊስ ያዘው፤ በታኅሣሥ 1952 በካሊፎርኒያ ሳን ኩዌንቲን እስር ቤት በሞት ተቀጣ። ፊልሙ ቦስተን ላይ የታየው ከዚያ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ በመጋቢት 1953 ነው። ሉፒኖ ከታገቱት ሰዎችና ከራሱ ከኩክ ፈቃድ ወስዳ ነበር የተነሣችው። ሆኖም የዘመኑ የሆሊውድ ደንብ በቅርብ ጊዜ ስሙ የገነነን ወንጀለኛ በስሙ ጠርቶ ፊልም መሥራትን ይከለክል ስለነበር የገዳዩ ስም ተቀየረ፤ የሕፃናቱም ሞት ወደ ታሪኩ አልገባም። ይህ የመጨረሻው በደንብ አስገዳጅነት ይሁን በእርሷ ምርጫ፣ በእኔ እምነት ለፊልሙ በጅቶታል። ተመልካቹ ስለ ገዳዩ ሥራ የሚያውቀው በጥቂቱ ነው፤ የቀረውን ፍርሃቱ ራሱ ይሞላዋል።

ለምንድን ነው ብዙ ሰው የማያውቀው?

በትንሽ ገንዘብ የተሠራ፣ በዘመኑ ትልቅ ኮከብ ያልያዘ፣ አጭር ፊልም በመሆኑ ነው። ኤድመንድ ኦብራየን እና ፍራንክ ላቭጆይ የታወቁ ተዋንያን ቢሆኑም ስማቸው ብቻ አዳራሽ የሚሞላ አልነበሩም፤ ገዳዩን የሠራው ዊሊያም ታልማን ደግሞ ይበልጥ የታወቀው በኋላ በቴሌቪዥን የዐቃቤ ሕግ ገጸ ባሕርይ ሲጫወት ነው። ፊልሙ በአሜሪካ የቅጂ መብቱ ሳይታደስ በመቅረቱ ለማንም ክፍት ሆነ፤ የጠቆሩና የደበዘዙ ቅጂዎች በየቦታው የተሠራጩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ያየው ፊልሙን ሳይሆን የፊልሙን ጥላ ነው ማለት ይቻላል። በ1998 ግን የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ ለትውልድ እንዲጠበቁ ከሚመርጣቸው 25 ፊልሞች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል።

«ፊልም ኑዋር» ይባላል፤ ምን ማለት ነው?

ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ «ጥቁር ፊልም» ማለት ነው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአሜሪካ የተሠሩትን፣ በጥላና በብርሃን ግጭት የተሞሉ፣ ሰው በገዛ ስህተቱ ወይም በክፉ ዕድሉ ወደ ወንጀል የሚገባባቸውን ፊልሞች ይመለከታል። አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በከተማ ሌሊት፣ በጠባብ መንገድና በዝናብ በረጠበ አስፋልት ላይ ነው። የሉፒኖ ፊልም ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያነድደው ሜዳ ላይ ይውላል፤ መሸሸጊያ ጥላ በሌለበት ቦታ ሰውን ማስጨነቅ ከጨለማው ይልቅ ከባድ ጥበብ ነው። ካሜራውን የያዘው ኒኮላስ ሙሱራካ በጥላ አጠቃቀሙ የታወቀ ሰው ነበር፤ በዚህ ፊልም ላይ ግን የመኪናው ውስጥ ጨለማና የበረሃው ወና እየተፈራረቁ እንዲመጡ አድርጓል። ሜክሲኮ ሆኖ የሚታየው ድንጋያማ አገር አብዛኛው የተቀረጸው በካሊፎርኒያ በሎን ፓይን አጠገብ ነው።

ሁለት ሰዎች አንዱን እንዴት ያቅታቸዋል? አክተሩስ የታለ?

ከሁሉ በላይ የተጠየቅሁት ይህ ነው፤ የጠየቁትም ቪዲዮ ቤት ያደጉ፣ አክተር እንደማይሞት አምነው ፊልም ማየት የለመዱ ሰዎች ናቸው። እኔም ከእነርሱ ጋር ያደግሁ ስለሆነ ጥያቄው ይገባኛል።

መልሱ በፊልሙ ውስጥ አለ፤ የሚናገረውም ገዳዩ ራሱ ነው። ከሁለቱ አንዱ ለብቻው ቢሆን ኖሮ ሊያመልጥ ይችል እንደነበር፣ የያዛቸው ግን አንዳቸው ለሌላው ማሰባቸው እንደሆነ በንቀት ይነግራቸዋል። ማየርስ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል፤ ሽጉጡን ሊመታው ወደሚችለው ሰው ብቻ ሳይሆን ወደ ጓደኛውም ያዞራል። ሮይ በእጁ የያዘውን ጣሳ ጊልበርት ተኩሶ እንዲመታ የሚያስገድድበት ትዕይንት ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ነው። ጥይቱ ጣሳውን ቢስት የሚያርፈው ወዳጁ ላይ ነው፤ ጊልበርት ይህን እያወቀ ማነጣጠር አለበት፤ ማየርስ ደግሞ ከማዶ ተቀምጦ ይዝናናበታል። በፊልሙ ውስጥ ደም ሊፈስስ ይችላል ብዬ ትንፋሼን የያዝሁት እዚህ ላይ ነው፤ ጣሳ እንጂ ሌላ ምንም አይወድቅም፤ ግን ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጓደኛሞች እንደቀድሞው አይተያዩም።

ስለዚህ ፊልሙ አክተር የለውም ብዬ እመልሳለሁ። ያሉት ሁለት ተራ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቶሎ የሚቆጣና ቶሎ የሚሰበር፣ ሌላው ቀስ ብሎ የሚያስብና የሚታገሥ። ሮይ እየደከመ ሲሄድ ብዙ ተመልካች ያዝንበታል፤ አንዳንዱም ይፈርድበታል። ኦብራየን የሠራው ግን ፈሪ ሰውን አይደለም፤ እንቅልፍና ተስፋ የተነፈገ ሰው እንዴት እንደሚያልቅ ነው ያሳየን።

ለሁለተኛ ጊዜ ማየት ምን ይጨምራል?

ዓይኑን። የማየርስ አንደኛው የዓይኑ ሽፋን ሽባ በመሆኑ ሲተኛም አይከደንም፤ የእውነተኛው ኩክም የዓይን ሽፋን እንዲሁ ጉድለት ነበረበት። መጀመሪያ ሲታይ ይህ ማስፈራሪያ ብቻ ይመስላል። ታሪኩ ከታወቀ በኋላ በድጋሚ ሲታይ ግን ፊልሙ በሙሉ በዚያ አንድ ዓይን ላይ የተገነባ መሆኑ ይገለጣል፤ በበረሃው ሌሊት ታጋቾቹ ብርድ ልብስ ለብሰው ተጋድመው ያንን ዓይን ያያሉ፤ ነቅቶ ይሁን ተኝቶ ማወቅ አይችሉም፤ ይህን አለማወቃቸው ከገመድ ይልቅ አጥብቆ አስሯቸዋል። ሰውየው ተኝቶ ሳለ ስንት ጊዜ ሊያመልጡ ይችሉ እንደነበር የምናሰላው እኛ ነን፤ እነርሱ ማስላት አይችሉም።

የመክፈቻው ክፍልም በሁለተኛው እይታ ይለወጣል። መጀመሪያ ላይ የሚታዩን እግር፣ ጫማ፣ የመኪና በርና የጋዜጣ ርዕስ ብቻ ናቸው፤ የገዳዩን ፊት አናይም። ፊቱን የምናየው ሁለቱ ጓደኛሞች በሚያዩባት ቅጽበት ነው።

ስፓኒሹ ለምን አልተተረጎመም?

ስለዚህ ፊልም የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ አረዝመዋለሁ።

የሜክሲኮ ሰዎች በፊልሙ ውስጥ በገዛ ቋንቋቸው፣ በተፈጥሯዊ ፍጥነታቸው ይነጋገራሉ፤ ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አይመጣም። ከሦስቱ ተጓዦች ስፓኒሽ የሚሰማው ጊልበርት ነው፤ ማየርስ አንዲት ቃል አይገባውም። በየመንደሩ ሱቅና በየነዳጅ ማደያው ሲቆሙ፣ ጊልበርት ከባለ ሱቁ ጋር ሁለት ቃል በተለዋወጠ ቁጥር የገዳዩ ፊት ይለወጣል፤ በእንግሊዝኛ እንዲናገር ያዝዘዋል። ሽጉጥ የያዘው እርሱ ነው፤ የሚፈራውም እርሱ ነው። ሽጉጥ የማይደርስበት አንድ ቦታ አለና፤ እርሱም ሌላ ሰው የሚሰማው፣ እርሱ ግን የማይሰማው ቃል ነው።

በመጀመሪያው ምሽት እንግሊዝኛ ለማይሰሙ ጎረቤቶቻችን ፊልሙን በአማርኛ እየተረጎምሁ ያሰማሁት እኔ ነበርሁ፤ እንደ ትርጉም ፊልም ልማድ ሁሉንም፣ የስፓኒሹን ጭምር፣ አንድም ሳላስቀር ተረጎምሁ። ያን ማድረጌ ስህተት ነበር። ሱቁ ውስጥ ያለው ትዕይንት ጭንቀቱ ሁሉ ጠፍቶ ሰዎች ዕቃ የሚገዙበት ትዕይንት ሆነ። በሁለተኛው ምሽት የእንግሊዝኛውን ብቻ ተርጉሜ ስፓኒሹ ሲመጣ ዝም አልሁ፤ ሳሎኑም አብሮኝ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ውይይት እስካሁን ካደረግነው ሁሉ የተሻለው ነበር። በእኛ ሰፈር፣ በአቃቂም ሆነ በገላን በኩል፣ አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን የሚነገሩ ቋንቋዎች ናቸው፤ ሁለቱን የሚሰማ አለ፤ አንዱን ብቻ የሚሰማ አለ። ገበያ መሐል ቆሞ አጠገቡ ያሉት ሰዎች ምን እንደሚባባሉ ሳይገባው የቀረ ሰው፣ ስለ እርሱ የሚያወሩ መስሎት ሲጨነቅ ምን እንደሚመስል ለተመልካቾቻችን ማስረዳት አላስፈለገም። ከእናቶች አንዷ ሱቅ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ልጅ አንሥተው ተናገሩ። ሕፃኗ ወደ ማየርስ ስትጠጋ ጊልበርት ወደ ራሱ ስቦ በስፓኒሽ ጥቂት ለስለስ ያለ ቃል ይነግራታል፤ ቃሉ ባይገባቸውም ምርቃት መሆኑን ከድምፁ እንዳወቁ እናታችን ነገሩን። ልክ ናቸው።

ሌላም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ዘመን የሆሊውድ ፊልሞች ሜክሲኳዊ የሚባለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሽፍታ ወይም መሳለቂያ ነበር። እዚህ ግን ፍለጋውን የሚመራው የሜክሲኮ የፖሊስ መኮንን፣ በሆሴ ቶርቫይ የተሠራው ሻምበል አልቫራዶ፣ የተረጋጋና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የመንደሩም ሰዎች ክብር አላቸው።

በፊልሙ ውስጥ ሴት ለምን የለችም?

ትልቅ ድርሻ ያላት ሴት ገጸ ባሕርይ የለችም። ሉፒኖ በሌሎች ፊልሞቿ የሴቶችን ጭንቀት ስትተርክ ቆይታ እዚህ ላይ ሦስት ወንዶችን መኪና ውስጥ ዘግታ ወንድነት የሚሉት ነገር ሽጉጥ ሲደቀንበት ምን እንደሚሆን መርምራለች። ከሴት ዳይሬክተር «የሴት ፊልም» ብቻ የሚጠበቅ ከሆነ ጥፋቱ የጠባቂው ነው።

ድክመት የለውም?

አለው። ፖሊሶቹ የሚመካከሩባቸው ትዕይንቶች አንዳንዶቹ ደረቅ ናቸው፤ ከመኪናው በወጣን ቁጥር ጭንቀቱ ይላላል። ማየርስ ስለ ልጅነቱና ስለ ወላጆቹ የሚናገረውም ጥቂት ዓረፍተ ነገር፣ ክፋቱን በቀላሉ ሊያስረዳ የሞከረ ይመስለኛልና ባይኖር እወድ ነበር። ፍጻሜው ደግሞ ይቸኩላል።

ልጆች ሊያዩት ይችላሉ?

ደም እምብዛም አይታይበትም፤ ጸያፍ ቃልም የለበትም። ሆኖም የሚያስፈራው በረቀቀ መንገድ ስለሆነ እኛ ከ15 ዓመት በታች ያሉትን አላስገባንም።

ከዚህ ፊልም በኋላ ሊፍት መስጠት እንተው?

ይህን የጠየቁኝ በአብዛኛው አሽከርካሪዎች ናቸው፤ አንደኛው በስልክ የሚጠራ ታክሲ የሚያሽከረክር ነው፤ ጥያቄው ለእርሱ የፊልም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የምሽት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ እኔ ልነግረው የሚገባኝ ሰው አይደለሁም፤ ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቃል።

ስለ ፊልሙ ግን የምለው አለኝ። እኛ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለውን «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ የሚያስገባ ሕዝብ ልጆች ነንና የሉፒኖን ፊልም ስናይ የሚያመን ቦታ ከአሜሪካው ተመልካች ይለያል። እርሷ ታሪኩ በማንም ላይ ሊደርስ የሚችል መሆኑን በመክፈቻው ጽሑፍ ታስጠነቅቃለች፤ ይሁን እንጂ ሁለቱን ጓደኛሞች ደግ በመሆናቸው አንድም ጊዜ እንደ ሞኝ አድርጋ አላሳየችንም። በጉዞው ላይም የሚያቆያቸው ያው ለመንገደኛ እንዲያቆሙ ያደረጋቸው ጠባይ ነው። ጊልበርት በሞት አፋፍ ሆኖ የሰው ልጅ ይከልላል፤ ጓደኛው ሲወድቅ ያነሣል። ማየርስ ሊወስድባቸው ያልቻለው ይህንን ነው።

የትኛውን ቅጂ ልይ?

በቴሌግራምና በዩቲዩብ የሚዘዋወሩት ቅጂዎች ብዙዎቹ ከአሮጌ ሪል የተወሰዱ በመሆናቸው የሌሊቱ ትዕይንት ጥቁር ጨርቅ ይመስላል፤ የታደሰ ቅጂ መኖሩን አውቃችሁ እርሱን ፈልጉ። ስፓኒሹን የሚተረጉም የግርጌ ጽሑፍ ካለው አጥፉት። ቀን ላይ መጋረጃ ሳትዘጉ አትዩት፤ በስልክም ከማየት መብራት እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላል።

ቅጂው ደኅና መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ ላይ ማየርስ መኪናው ውስጥ የሚገባበትን ትዕይንት ክፈቱ። የኋላው ወንበር ጨለማ ነው፤ ከጨለማው ቀድሞ የሚወጣው ሽጉጡ ነው፤ ከዚያ ሰውየው ወደ ፊት ጠጋ ሲል ፊቱ ብርሃን ያገኛል። እዚያ ላይ የማይከደነው ዓይኑ ለይቶ ካልታያችሁ፣ ቅጂውን ሰርዛችሁ ሌላ አውርዱ።